ማማ ለምክር ቤት የተወዳደሩበት ዓመት

ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር ያለው ቤት ዘጠኝ ክፍል ነበረው፤ የምንኖርበት ግን ሁለት ሰዎች ነበርን። አንደኛዋ እኔ፣ ከወሎ መጥቼ በቤት ሠራተኝነት ገና ሁለተኛ ቤቴ የገባሁ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ሁለተኛዋ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከሴቶች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርነት ጡረታ የወጡ፣ ስልሳን ያለፉ የሀገሩ ሴት። ወንድ ልጃቸው አግብቶ በከተማዋ ሰሜን አዲስ ቤት ሠርቷል፤ ሴት ልጃቸው ከባሏ ጋር ጅዳ ትኖራለች።

እኔ «ማማ» ነበር የምላቸው። አረብኛ አንቱታ የለውም። ስለዚህ በዕድሜ እናቴን የሚበልጡትን ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ አንቺ ስል ኖርኩ። መጀመሪያ ላይ አፌን ያዝ ያደርገኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። አሁን በአማርኛ ስጽፈው ግን እጄ እሺ አይለኝምና አንቱ እላቸዋለሁ።

ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። አይጮሁም። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ ጊዜው ሳያልፍ ያሳድሱልኝ ነበር። ስታመም ሐኪም ቤት ወስደውኛል። ግን አይናገሩም። ሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ ሲናገሩ ኖረው ቃል ያለቀባቸው ይመስል፣ ቀኑን ሙሉ ከሦስት ከአራት ቃል በላይ አይወጣቸውም። «ሻይ»፣ «መስኮቱን»፣ «ኸላስ፣ ይበቃል»። እኔ ታች ሳህን ሳጥብ ከፎቅ የነጠላ ጫማቸውን ኮቴ እሰማለሁ፤ እሳቸውም የኔን የቧንቧ ውሃ ይሰማሉ። አብረን የኖርነው እንዲህ ነው።

በዚያ ሰፈር የማወራው ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ ነበር። ጎረቤት ቤት የምትሠራ የሀገሬ ልጅ ናት፤ ከኔ በአሥር ዓመት ትበልጣለች፣ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ የመጣች። የቆሻሻው በርሜል ያለው ከቪላዎቹ ጀርባ፣ ጠባቧ መንገድ ዳር ነው። መግሪብ፣ የምሽቱ ሰላት፣ እንደተሰገደ ሁለታችንም ከረጢታችንን ይዘን ብቅ እንላለን።

«እንዴት ዋልሽ እህቴ?» ትለኛለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ?» እላታለሁ።

አምስት ደቂቃ፣ ቢበዛ አሥር። እነሱ ዘንድ ዝናቡ ገባ አልገባ፣ የትንሹ ልጇ ጥርስ ወለቀ፣ የኔ ወንድም ሊያገባ ነው። የቀኑ አማርኛዬ ያው ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ነገ መግሪብ ዝም ነው።

መንገዷ መብራት የላትም። የዳሩ ድንጋይ ተሰባብሯል፣ የፍሳሹ ክዳን አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ቀን ያየነውን እያስታወስን በድንግዝግዝ እንራመዳለን። አንድ ምሽት እሷ ቀድማኝ ወጥታ ኖሮ ጩኸቷን ከበራችን ላይ ሆኜ ሰማሁት። ስደርስ ክዳኑ አጠገብ ወድቃለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ዞሯል። «አትንኪኝ፣ አትንኪኝ» ትለኛለች፤ እጄን ግን አጥብቃ ይዛለች። አሠሪዎቿ ሆስፒታል ወሰዷት፤ አጥንቷ ተሰብሯል ተባለ። ቆማ መሥራት ስለማትችል ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሀገሯ መለሷት። አልተሰናበትንም። መሄዷን ያወቅሁት ከነሱ ቤት ሌላ ልጅ ከረጢት ይዛ ስትወጣ ባየሁ ቀን ነው። ከየት ሀገር እንደመጣች አላውቅም፤ አረብኛም ገና አልጀመረችም። ፈገግ እንባባልና እንለያያለን።

አንድ ቀን ማማ ሻዩን ስሰጣቸው፣ «ድሮ ቆሻሻ ልትጥይ ስትወጪ ትቆዪ ነበር። አሁን ቶሎ ትመለሻለሽ» አሉኝ።

እንደሚያስተውሉኝ አላውቅም ነበር። የሆነውን ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «መስኪና» አሉ፤ ምስኪን ማለታቸው ነው። 

በዚያው ዓመት ነው መንግሥት ለማዘጋጃ ቤት ምክር ቤቶች በሚደረገው ምርጫ ሴቶችም እንዲመርጡና እንዲወዳደሩ የፈቀደው። ለሀገሩ ሴቶች የመጀመሪያቸው ነበር። ከንቲባውን መንግሥት ይሾማል፤ ሰዉ የሚመርጠው የምክር ቤቱን አባላት ነው፣ እነሱንም ቢሆን ሁሉንም አይደለም። ሥራቸውም የመብራት፣ የመንገድ፣ የመናፈሻና የቆሻሻ ጉዳይ ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከማማ ነው።

ጋዜጣ ይዘው ወጥ ቤት ገቡ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

«አንቺ ሀገር ሴት ትመርጣለች?»

«አዎ ማማ፣ ትመርጣለች።»

«አንቺስ መርጠሻል?»

«አንድ ጊዜ።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወጥ ቤት ውስጥ ሲቀመጡ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። «ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ካርድ ለማውጣት እንደምንሄድ፣ በምርጫው ዕለት በማለዳ ተነስተን እንደምንሰለፍ፣ ጣታችንን ቀለም እንደሚቀቡን፣ ወረቀቱን ይዘን ከመጋረጃ ጀርባ ገብተን ምልክት አድርገን አጥፈን ኮሮጆው ውስጥ እንደምንከተው።

«ቀለሙ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ሳምንት ያህል። ልብስ አጥቤም አልለቅ ብሎኝ ነበር።»

«ከመጋረጃው ጀርባ ማን አለ?»

«ማንም። ብቻዬን ነኝ።»

«አባትሽስ?»

«አባቴም የለም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ሴት እንደ ተማሪ ይጠይቁኛል፤ እኔም እንደ አዋቂ እመልሳለሁ። ሁሉንም ግን አልነገርኳቸውም። ማን እንደሚያሸንፍ ገና ሳንሰለፍ እናውቅ እንደነበር፣ የቀበሌው ሹም በር ላይ ቆሞ እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠራ ሰላም ይለን እንደነበር ዋጥ አደረግሁት። በዚያ ቤት ውስጥ እሳቸው የሌላቸው፣ እኔ ያለኝ ነገር ይህ ብቻ ነበርና እንዳይበላሽብኝ ሳሳሁ።

ለመመዝገብ በዚያ ሰፈር ነዋሪ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋቸው ነበር። ቤቱ ግን አሁንም በሟቹ ባላቸው ስም ነው። ሃያ አምስት ዓመት ኖረውበት በስማቸው አንድ ወረቀት የላቸውም። የሚያስጨርስላቸው ልጃቸው ነው። ሲደውሉለት «ኢንሻአላህ ዩማ» ይላል፤ እማዬ እንደማለት ነው። ሳምንት ያልፋል። ይደውላሉ፤ «ኢንሻአላህ ዩማ»። ሁለት ጊዜ ወረቀቱ ሳይሟላ ሄደን ተመለስን። ሄድን የምለው እኔንም ይዘውኝ ስለሚሄዱ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ብቻቸውን መግባት አይሆንላቸውም። ሾፌራችን፣ ስለ ምንም የማይጠይቅ ሽማግሌ ህንዳዊ፣ መኪናውን በር ላይ ያቆማል፤ እኔ ቦርሳቸውን ይዤ ከኋላቸው እከተላለሁ።

በሦስተኛው ጊዜ ልጃቸው ወረቀቱን አመጣ። የምዝገባው ጣቢያ የሴቶች ትምህርት ቤት ነበር። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው መዝጋቢ ቀና ብላ አየቻቸውና «አብላ!» ብላ ተነሳች፤ መምህሬ ማለቷ ነው። የድሮ ተማሪያቸው ነበረች። ዞራ መጥታ ግንባራቸውን ሳመቻቸው። ማማ ስንመለስ መኪና ውስጥ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሲያዩ ቆዩና፣ «መምረጥ ብቻ አይደለም፣ እወዳደራለሁ» አሉ። ሾፌሩ አረብኛው ብዙም አይደለም፤ ስለዚህ የነገሩት ለኔ መሆን አለበት።

ተወዳዳሪነታቸውም ተመዘገበላቸው። የምረጡኝ ጽሑፋቸውን የጻፉት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ቃል የማይወጣቸው ሴት አሁን ወረቀት ይዘው ወደኔ ይመላለሱ ጀመር።

«መናፈሻው ውስጥ ጥላ የለም አይደል?»

«የለም ማማ። ልጅ የያዙት ፀሐይ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

«ሲዘንብ ውሃው የሚተኛው የት ጋ ነው?»

«መስጊዱ ፊት ለፊት።»

አራት ነጥብ ጻፉ፤ የመናፈሻው ጥላ፣ ሴቶች በእግር የሚንሸራሸሩበት መንገድ፣ የልጆች ቤተ መጻሕፍት፣ የዝናቡ ውሃ። ከዚያ ብዕራቸውን ከወረቀቱ አንስተው አዩኝ። «አምስተኛውን አንቺ ንገሪኝ። ከዚህ ቤት ሰፈሩን በእግሩ የሚያውቀው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሳላስበው አፌ ቀደመኝ። «የኋላው መንገድ። መብራቱና የሰመጠው ክዳን።»

ጻፉትና ጮክ ብለው አነበቡልኝ። አረብኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ቢሆንም መስመሯን ለየኋት። ከሁሉ በታች ያለችው፣ ከሁሉ አጭሯ። ጠረጴዛውን ስወለውል አያታለሁ። ሪያድ ከመጣሁ ጀምሮ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ያለኝ ሰው አልነበረም። ማማም እንደዚያ አላሉኝም፤ እኔ ግን እንደዚያ ነው የሰማሁት።

ደንቡ ሴት ተወዳዳሪ ወንዶች ፊት ቆማ እንድትናገር አይፈቅድም። ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ወይም በወንድ ወኪል በኩል ነው። የማማ ወኪል ልጃቸው ሆነ። ዓርብ ከሰላት በኋላ መጣና ወረቀቱን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። ሻይ እየቀዳሁ ነበር። አራቱን ነጥቦች ዝም ብሎ አለፈ፤ አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ።

«ዩማ፣ ይቺ ለማን ናት?»

«ለሰፈሩ» አሉ ማማ።

«በኋላ መንገድ ማን ይሄዳል? ሠራተኞች ናቸው። ሠራተኛ ድምፅ አይሰጥም። የሠራተኞች ተወዳዳሪ ብለው ይስቁብሻል።»

 ማማ አንድ ጊዜ ብቻ ወደኔ አዩ፤ ወይም ወደ ሻዩ። ከዚያ ብዕር አንስተው ሰረዟት። አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ተማሪ የተሳሳተውን እንደሚሰርዝ አስተማሪ። ብርጭቆውን ሳላፈስ አስቀመጥኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፤ የሚታጠብ ነገር ግን አልነበረም።

ለራሴ «ምን ቀረብሽ?» አልኩት። እውነትም ምንም አልቀረብኝም። ያቺ ጎረቤቴ እንደሆን ሄዳለች፤ መንገዱ ቢበራም ባይበራም አሥር ደቂቃ የማቆምበት ምክንያት የለኝም። ግን ያን ሳምንት ማማ የሚናገሩትን በቶሎ መስማት አቃተኝ፤ ሁለት ጊዜ ሲጠሩኝ ነው የምነቃው።

የሴቶቹን ስብሰባ ያደረጉት እቤት፣ ትልቁ ሳሎን ውስጥ ነው። አርባ ወንበር ተከራዩ። በግ ታርዶ ከሩዝ ጋር ተሠራ፤ ከጠዋት ጀምሮ እግሬን አጥፌ አልተቀመጥኩም። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሰላት፣ በኋላ ይመጣሉ የተባሉት ሴቶች ሰዓቱ ካለፈ ቆይቶ ቀስ በቀስ አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ሆኑ። ሦስቱ የማማ እህቶች፣ ሁለቱ የእህት ልጆች ናቸው። ባዶዎቹ ወንበሮች ስለበዙ ማማ «እነዚያን አንሺያቸው» አሉኝ፤ እንግዶቹ እያዩ ወንበር እየደራረብኩ ወደ ኮሪደር አወጣሁ።

ማማ ቆመው አነበቡ። ያን ድምፅ እኔ አውቀው ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን ውስጥ ቆመው ሲለማመዱ የምሰማቸው እኔ ነበርኩ። «እዚያ በር ላይ ሁነሽ ይሰማሻል?» ይሉኛል፤ «ይሰማል ማማ» እላለሁ። ያን ቀን ግን ድምፃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አንዷ ሴት መሐል ላይ ስልኳ ጮኸና ወጣች። ቴምሩን ይዤ ግድግዳው ጥግ ቆሜ እቆጥር ነበር። ጥላው፣ መንሸራሸሪያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የዝናቡ ውሃ። አምስተኛው እንደተሰረዘ በዓይኔ አይቼ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። «ሹክራን፣ አመሰግናለሁ» ብለው ወረቀቱን አጠፉ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ወሬው ወደ አንዷ ልጅ ሠርግ ዞረ፤ በጉ ቀረበ። ታላቅ እህታቸው ስትወጣ በር ላይ ጉንጫቸውን እየሳመች፣ «በዚህ ዕድሜሽ ምን አደከመሽ?» አለቻቸው።

የወንዶቹ ስብሰባ ከዚያ ሦስት ቀን በኋላ በኪራይ አዳራሽ ነበር። ልጃቸው ንግግራቸውን ይዞ ሄደ። ማማ ምርጥ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ። የትም አይሄዱም። የንግግሩን ግልባጭ ጉልበታቸው ላይ አድርገው የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። ቡና ስቀዳላቸው፣ «ተቀመጪ» አሉኝ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁን ጀምሯል» አሉ። ጥቂት ቆይተው ገጹን ገለጡ። «አሁን መናፈሻው ጋ ደርሷል።» ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በየመሐሉ ቆም ይላሉ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው እስኪያጨበጭብ የሚጠብቁ ይመስል ነበር። የመጨረሻውን ገጽ ሲገልጡ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ስልኩን አነሱ። አያነሳም። እንደገና ሞከሩ። አያነሳም።

ልጃቸው ሲመጣ ተነስተው በር ላይ ነው የተቀበሉት። «እንዴት ሆነ? ምን አሉ?»

«መልካም ነበር ዩማ። ጥቂት ሰዎች መጥተው ነበር።»

«ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ጠየቁ?»

«አልጠየቁም። የአባቴ ዘመዶች እነማን እንደሆኑ ጠየቁኝ።» ቁልፉን እያሽከረከረ ቆየና፣ «ጊዜው ስላጠረ ሁሉንም አላነበብኩትም» አለ።

 ማማ ግልባጩን አጣጥፈው የቁርዓኑ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። እኔ ያን ምሽት ቂሜ ትንሽ ላላ። የኔ አንድ መስመር ነበር የተሰረዘው፤ የሳቸው ግን ገጽ ሙሉ ነው የተዘለለው።

የምርጫው ቀን ያው የሴቶች ትምህርት ቤት ሄድን። የሚመርጡት ወደ ውስጥ ሲገቡ ሠራተኞች ግቢው ውስጥ፣ ደረጃው ሥር ቀረን። ሕፃን የያዙ ነበሩ፣ ቦርሳ የያዙ ነበሩ። አንዲት የሀገሬ ልጅ የሰው ልጅ አቅፋ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «መዳምሽ መርጣ ትወጣለች ወይስ እዚያው ልታመሽ ነው?» ብላ ቀለደች።

«የኔዋ ተወዳዳሪ ናቸው» አልኳት።

«ወላሂ በይኝ!» ብላ ወደኔ ዞረች። «ጎበዝ ናት?»

«ጎበዝ ናቸው» አልኩ። ሳልዋሽ ነው ያልኩት፤ ኩራትም ቢጤ ተሰማኝ። ልጅቷ መንሱራ ሰፈር የሚኖረውን ወንድሟን ልታይ ፈቃድ እንደጠየቀች፣ እንደተከለከለች ነገረችኝ። ስልክ ቁጥር ልንለዋወጥ ስንል መዳሟ ወጣችና «ያላ፣ እንሂድ» አለቻት። ሄደች።

ማማ ሲወጡ ፊታቸው ቀላ ብሎ ነበር። ክንዴን ያዙኝ፤ ከዚያ በፊት ይዘውኝ አያውቁም። «እንዳልሽው ነው» አሉኝ። «ከመጋረጃው ጀርባ ማንም የለም።» እስከ መኪናው ክንዴን አልለቀቁም።

በማግስቱ ልጃቸው ደወለ። እኔ መጋረጃ እየሰቀልኩ ነበር። «ጠይብ» አሉ፤ እሺ ማለት ነው። «ጠይብ። ጠይብ።» ስልኩን አስቀመጡ። ያገኙት ድምፅ በጉን ከበሉት ሴቶች ቁጥር ያንስ ነበር። በከተማው ያሸነፉ ሴቶች እንዳሉ በቴሌቪዥን ሰማን፤ ማማ ዘግተውት ወደ ፎቅ ወጡ። «የገዛ እህቶቼ» ሲሉ ደረጃው ላይ ሰማኋቸው። ለኔ ያሉት አይመስለኝም።

ሁለት ቀን ኮቴያቸው አልተሰማኝም። ምግብ በር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ግማሹ ተበልቶ ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ወረዱና «ሁለት ሳህን አቅርቢ» አሉኝ። እንግዳ የሚመጣ መስሎኝ ከቆንጆዎቹ ሳህኖች አወጣሁ። እሳቸው ግን ፊት ለፊታቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው አሳዩኝ። «ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ያን ወንበር አንድ ሺህ ጊዜ ወልውዬዋለሁ፤ ተቀምጬበት ግን አላውቅም። ሩዙን በማንኪያ ሲያንቀሳቅሱ ቆዩና ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«የኋላውን መንገድ ባልሰርዘውም አላሸንፍም ነበር። ታዲያ ለምን ሰረዝኩት?»

የምመልሰው ብዙ ነገር ነበረኝ። ስለ ጎረቤቴ እግር፣ ስለዚያች መስመር፣ ወንበር እየደራረብኩ ሳወጣ ስለተሰማኝ ነገር። አረብኛዬ ለዕቃና ለምግብ እንጂ ለዚህ አይበቃም። «ኸላስ ማማ፣ ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳቸው።

በላን። ሳኝክ ድምፅ እንዳላሰማ እየተጠነቀቅሁ ነበር፤ እሳቸውም እንደዚያው። ጨው ስፈልግ መጠየቅ አፍሬ ያለ ጨው በላሁ። ስንጨርስ ተነስተን ሁለታችንም ሳህን ለማንሳት እጃችንን ዘረጋን፤ እሳቸው እጃቸውን መለሱ።

በማግስቱ ምሳ ሲደርስ ለሳቸው ጠረጴዛው ላይ አቀረብኩና የኔን ሳህን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ይጠሩኝ እንደሆነ ማንኪያዬን ይዤ ጥቂት ጠበቅሁ። አልጠሩኝም። እፎይ አልኩ። ከዚያ እፎይ ማለቴ ራሱ ከፋኝ። እሳቸውም እዚያ ማዶ እፎይ ብለው ይሆን እያልኩ በላሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ምርጫው አንስተን አናውቅም፤ የኋላዋ መንገድም ጨለማዋን እንደያዘች ቀረች።

ዓመት ሳይሞላ ልጃቸው «ብቻሽን አትሁኚ» ብሎ ወደ ቤቱ ሊወስዳቸው ወሰነ። እነሱ ቤት ሁለት ሠራተኞች ስላሉ እኔ አላስፈልግም። ማማ ለኔ ሌላ ከፊል፣ ማለትም ስፖንሰር የሚሆነኝ አሠሪ፣ ራሳቸው ደውለው ፈለጉልኝ፤ የድሮ አስተማሪ ባልደረባቸው ልጅ ናት፣ ሱወይዲ የምትኖር። «ልጆች ይበዛሉ፣ ሰዎቹ ግን ደህና ናቸው» አሉኝ።

መጻሕፍታቸውን ስናሽግ አንድ ሳምንት ፈጀብን። የትኛውን እንደሚወስዱ መምረጥ አቃታቸው፤ በልጃቸው ቤት የተዘጋጀላቸው አንድ ክፍል ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉንም ለትምህርት ቤት ስጡ አሉ። የሄዱበት ቀን ሾፌሩ ሻንጣዎቹን ሲጭን ማማ ክፍል ክፍሉን እየዞሩ በሮቹን ዘጉ። ሊወጡ ሲሉ ግንባሬን ሳሙኝ። «አላህ ይጠብቅሽ ልጄ» አሉኝ። ልጄ ያሉኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው። መኪናው ከወጣ በኋላ ሊከራይ የታሰበውን ቤት ላጸዳ ሦስት ቀን ብቻዬን ቆየሁ። ዘጠኙን ክፍል አጠብኩ። ከፎቅ ምንም አይሰማም፤ ሲመሽ የቁርዓን ጣቢያ ከፍቼ እተኛ ነበር።

ሱወይዲ አምስት ልጆች አሉ። ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል፤ ገበያው ቅርብ ነው፣ ሐበሻም አይጠፋም። እስካሁን የምሠራው እዚያው ነው። በመጀመሪያው ዒድ ማማ ደወሉልኝ።

«ደህና ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ ማማ፣ እርስዎስ?»

«ደህና ነኝ። ክፍሌ መታጠቢያ ቤት አለው» አሉ።  ከወዲያ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ ከወዲህ ልጆች ይጣላሉ። «ዒድ ሙባረክ» ብለው ዘጉት።

በሚቀጥለው ዒድ አልደወሉም። እኔ ደወልኩ። ስልካቸውን ያነሳችው የልጃቸው ሚስት ናት።

«ተኝታለች» አለችኝ። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነበር። «ማን ልበላት?»

«ሱለይማኒያ የነበረችው ሠራተኛ በያት።»

«የትኛዋ?» አለች። በክፋት አልነበረም፤ በዚያ ቤት ከኔ በፊት ብዙዎች ነበሩ።

ስሜን ነገርኳት። አንዴ ደገመችው፣ አሳስታ። አረምኳት። «ጠይብ» አለች፤ ልጆቹም ለምሳ ይጠሩኝ ስለነበር ስልኩን ዘጋሁት።